ሃጫሉ ሁንዴሳ፣ የዘፈን ደራሲው

ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ ከተገደለ ወዲህ ስለ እርሱ የተጻፈውና የተነገረው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በፖለቲካ ተጽዕኖው፣ በአሟሟቱ እንዲሁም ሞቱ ባስከተለው ሐዘንና ቀውስ ላይ ነው፤ ይህ የታሪኩ የማይካድ ክፍል ቢሆንም፣ ሰውየው ከሁሉ አስቀድሞ ግጥም የሚገጥም፣ ዜማ የሚያወጣ፣ ቃልን ከድምፅ ጋር የሚያዋሕድ ባለሙያ እንደነበረ ከዕይታ እንዲሰወር አድርጓል። የሞቱን ቀን የሚያስታውሱ ሚሊዮኖች ናቸው፤ ዘፈኖቹ እንዴት እንደ ተሠሩ፣ ከየትኛው የቃል ሥነ ግጥም ባህል እንደ ተቀዱና ለምን ያን ያህል ሰው እንደ ነኩ ተረጋግቶ የመረመረ ግን ጥቂት ነው። ከአምቦ የተነሣውን ይህን ሙዚቀኛ በሚገባው ቦታ ማስቀመጥ የሚቻለው ዘፈኖቹን እንደ ድርሰት በማዳመጥ ነው።

በምዕራቡ ዓለም የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ «ኢንዲ» የሚባለው ጎራ፣ ማለትም ከታላላቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ተጽዕኖ ውጭ ሆኖ የራሱን ሥራ ራሱ የሚደርስ፣ የሚቀርጽና የሚያሰራጭ ሙዚቀኛ የሚመደብበት ዘርፍ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ የተስፋፋ ሲሆን፣ በለንደን በአንድ የሸክላ መደብር ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ አሳታሚነት የተሸጋገረው «ረፍ ትሬድ» ከቀዳሚ ምሳሌዎቹ አንዱ ነው። የዚህ ጎራ መለያ የሮክ ጊታር ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ዘፋኙ ምን ማለት እንዳለበት የሚወስነው ራሱ መሆኑም ጭምር ነበር። ሃጫሉ የሮክ ሙዚቀኛ አልነበረም፣ ነኝም አላለም፤ ነገር ግን የነጻ ሙዚቀኛ ሕይወት በኢትዮጵያ ምን እንደሚመስል፣ ምን ያህል እንደሚያስከፍልና ከየት ጉልበት እንደሚያገኝ ለማሳየት ከእርሱ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

በኢትዮጵያ ነጻ የሙዚቃ ሥራ የራሱ የሆነ ረጅም ታሪክ አለው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለነበረ፣ ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ገደብ ጥሶ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲያቋቁምና የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ሕንድ አገር አሳትሞ ሲያስመጣ፣ ያደረገው ነገር ከንግድ ድፍረት ያለፈ ነበር፤ የእነ ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ዛሬም ዓለም የሚሰማው በዚያ እርምጃ ምክንያት ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ አምሃ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ የሰዓት እላፊው የምሽት መድረኮችን አደከመ፤ የሸክላን ቦታ ካሴት ተካው፤ በነሐስ መሣሪያ የሚታጀቡት ትልልቅ ባንዶችም ቀስ በቀስ ለአንድ ሰው ኪቦርድ ቦታቸውን ለቀቁ። ሃጫሉ ለሙዚቃ በደረሰበት ዘመን በክልል ከተሞች አንድ ዘፈን የሚሠራው በአብዛኛው አንድ አቀናባሪ፣ ማለትም የመሣሪያዎቹን ድምፅ መርጦ የሚያዋሕድ ባለሙያ፣ በትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ከድምፃዊው ጋር ተቀምጦ ነበር።

ሃጫሉ ያዜመበት የአፋን ኦሮሞ ዘመናዊ ዘፈን ደግሞ ከዚህ አጠቃላይ ታሪክ ጎን ለጎን የራሱ ጉዞ አለው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ የተመሠረተው አፍረን ቀሎ የተባለው ቡድን በቋንቋው ዘመናዊ ሙዚቃን በባንድ ለማቅረብ ፈር የቀደደ ሲሆን፣ በልጅነቱ ከዚያ የወጣው አሊ ቢራ ስድሳ ዓመት ያህል የዘለቀ የሙዚቃ ሕይወት አሳልፎ እ.ኤ.አ. በ2022 ዐረፈ። በሸዋ በኩል፣ ልጅነቱን በወሊሶ ያሳለፈው ጥላሁን ገሠሠ በአማርኛ ዘፈኖቹ ይበልጥ ቢታወቅም፣ በአፋን ኦሮሞም የተዋቡ ዘፈኖችን ትቷል። ይህ ጎዳና አደጋ አልተለየውም፤ በአፋን ኦሮሞ ዘፈኖቹ የታወቀው ኤቢሳ አዱኛ እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገድሏል። ሃጫሉ በወጣትነቱ ወደዚህ ሙያ ሲገባ ከፊቱ የነበሩት ሰዎች ያገኙትን ክብርም የከፈሉትንም ዋጋ ያውቅ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አቋርጦ ወደ ወለጋ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በአንድ ወቅት ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረች ከተማ ናት። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት ከምድር በሚፈልቀውና እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ በሚሸጠው ውሃዋ ነው። ለሃጫሉ ታሪክ ግን ከውሃው ይልቅ ትምህርት ቤቶቿ ይበልጥ ይጠቅማሉ፤ በ1939 ዓ.ም. በከተማዋ የተመሠረተው የእርሻ ትምህርት ቤት በሂደት ወደ ዩኒቨርሲቲ አድጓል፣ ከየገጠሩ የሚመጡ ተማሪዎችም ለብዙ አሥርት ዓመታት አምቦን የክርክርና የንቃት ከተማ አድርገዋታል። ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው ከዚህችው ከተማ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ ስፍራ ነው። የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ ጊንጪም ሆነች ጉደር ወይም ጌዶ፣ ከገጠሩ ጋር ያላቸው ትስስር እጅግ የጠበቀ በመሆኑ፣ አንድ ልጅ ጠዋት ከብት ጠብቆ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበት፣ ከሽማግሌ የሰማውን የቃል ግጥም ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ክበብ የሚገባበት ሕይወት የተለመደ ነበር።

ሃጫሉ በ1978 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ ከአባቱ ከአቶ ሁንዴሳ ቦንሳና ከእናቱ ከወይዘሮ ጉደቱ ሆራ ተወልዶ ያደገው በዚህ ዓይነቱ ሕይወት ውስጥ ነው። አባቱ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ክፍል ይሠሩ ነበር፤ ልጃቸው ሐኪም እንዲሆንላቸውም ይመኙ ነበር። ልጁ ግን የቤተሰቡን ከብቶች እየጠበቀ ማንጎራጎር ያበዛ ነበር፤ በትምህርት ቤት ክበባትም መዝፈን ጀመረ፤ እናቱም በዚህ ዝንባሌው ከጎኑ ቆሙ። የትውልድ ዘመኑም የራሱ ትርጉም አለው፤ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በኦሮሚያ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ መሰጠት ሲጀምርና ቋንቋው ቁቤ በተባለው በላቲን ፊደል ላይ በተመሠረተ አጻጻፍ ሲጻፍ፣ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በዚያ ሥርዓት ከተማሩት ልጆች መካከል የእርሱ እኩዮች ይገኛሉ። በኋላ «የቁቤ ትውልድ» እየተባለ የተጠራው ይህ ወጣት፣ እናቱ በምትናገርበት ቋንቋ ሳይንስና ታሪክ ያነበበ በመሆኑ፣ በዚያው ቋንቋ ዘመናዊና ጥልቀት ያለው ዘፈን መስማትም ይሻ ነበር። ሃጫሉ የተነሣው ከዚህ አድማጭ መካከል ነው፤ አድማጩም በበኩሉ በእርሱ ውስጥ ራሱን አገኘ።

የሃጫሉን ሥራ ለመረዳት ጌረርሳ የተባለውን የኦሮሞ የቃል ሥነ ግጥም ማወቅ ያስፈልጋል። ጌረርሳ በአንድ ሰው በተለይም በወንድ የሚዜም፣ ከፊል ንግግር ከፊል ዜማ የሆነ ቅርጽ ሲሆን፣ በቀደመው ዘመን አዳኝ ወይም ጦረኛ ጀብዱውን የሚተርክበት፣ የዘር ሐረጉን የሚቆጥርበት፣ ፈረሱን የሚያወድስበት ነበር፤ ከዚህ ሌላ የተበደለ ሰው ብሶቱን የሚገልጽበት፣ ድኻ ስለ ድህነቱ የሚናገርበት፣ እስረኛ ከእስር ቤት ድምፁን የሚያሰማበት መንገድም ሆኖ ቆይቷል። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ፉከራና ቀረርቶ ከዚህ ጋር የቅርብ ዝምድና አላቸው፤ ሰውን በፈረሱ ስም፣ ለምሳሌ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ» ብሎ መጥራትም ሁለቱ ሕዝቦች የተጋሩት ልማድ ነው። በጌረርሳ ውስጥ አንድ የአነጋገር ሕግ ብዙ ጊዜ ይከበራል፦ ተራኪው ስሜቱን በደፈናው አይናገርም፤ ቦታ ይጠራል፣ ወንዝና ተራራ ይጠራል፣ የጎሣ ስም ይጠራል፣ አድማጩም ስሞቹን ሲሰማ የታሪኩን ቀሪ ክፍል ራሱ ይሞላዋል። ከዚህ ጎን የሸዋ ኦሮሞ ረገዳ የሚባለው፣ አንገትና ትከሻ በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት ጭፈራ አለ፤ ከእርሱ የሚወጣው ምት በዘመናዊው ዘፈን ውስጥ በከበሮም በኪቦርድም ሲደገም ይሰማል። የሃጫሉ ጥበብ የጌረርሳን ቃል ከዘመናዊው የስቱዲዮ ምት ጋር ማስታረቁ ላይ ነው።

ይህ ጥበብ የተወለደው በነጻነት ዘመኑ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2003፣ የ17 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በተቃውሞ እንቅስቃሴ ተሳትፈሃል ተብሎ ተይዞ አምቦ በሚገኘው ከርቸሌ አምስት ዓመት ታሰረ። የጉርምስና ዕድሜው በሙሉ ማለት ይቻላል ከግንብ በስተጀርባ አለፈ። አባቱ እየተመላለሱ ይጠይቁት፣ እንዲበረታም ይመክሩት ነበር። ከዓመታት በኋላ ሃጫሉ ራሱ እንደ መሰከረው፣ ግጥምና ዜማ መድረስን የተማረው በእስር ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት የሌሎችን ዘፈን ማዜም ይችል ነበር እንጂ የራሱን መሥራት አያውቅም ነበር። እስር ቤት ከተለያየ አካባቢ የመጡ፣ ዕድሜያቸውም ዕውቀታቸውም የተለያየ ሰዎች በግድ አብረው የሚኖሩበት ቦታ በመሆኑ፣ የቃል ግጥምና ተረት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት መድረክ ይሆናል፤ መሣሪያ የሌለው ወጣትም ዜማውን በድምፁ ብቻ መሥራት፣ ግጥሙን በአእምሮው ይዞ ደጋግሞ ማረም ይለምዳል። በኋላ በዘፈኖቹ የሚታየው የቃል ቁጥብነትና የዜማው ጥንካሬ ከዚህ ልማድ ጋር የተያያዘ ይመስላል፤ አጃቢው መሣሪያ ቢወገድ እንኳ ዜማዎቹ በባዶ ድምፅ ይቆማሉና።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሲፈታ በእስር ሳለ የደረሳቸውን ዘጠኝ ዘፈኖች ይዞ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመትም «ሰኚ ሞቲ» በሚል ርእስ፣ በአማርኛ «የንጉሥ ዘር» እንደ ማለት፣ የመጀመሪያ አልበሙን አሳተመ። ለአንድ ከእስር ለወጣ፣ ገንዘብም የቀድሞ ስምም ለሌለው የክልል ከተማ ወጣት አልበም ማሳተም በራሱ ፈተና ነበር። በኢትዮጵያ የካሴትና የሲዲ ገበያ ገንዘቡን የሚያወጣው አከፋፋይ ወይም ሙዚቃ ቤት ሲሆን፣ ድምፃዊው ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ ተቀብሎ ከሥራው ይለይ ነበር፤ በቅጂ የሚሸጡ ሕገ ወጥ ሲዲዎችም ከዋናው ቀድመው ገበያውን ያጥለቀልቁ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ሕጉ በየከተማው ገበያ ያለው ጉልበት ደካማ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ድምፃዊ ኑሮው የተመሠረተው በዘፈኑ ሽያጭ ሳይሆን በሠርግ፣ በበዓልና በመድረክ ግብዣ ላይ ነበር።

ሁለተኛው አልበም «ዋኤ ኬኛ»፣ «ስለ እኛ» ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ በሄደበት ወቅት ወጣ። በውጭ የሚኖረው የኦሮሞ ማኅበረሰብ፣ በተለይም በሚኒሶታ ግዛት የተሰበሰበው፣ ቋንቋውን ለልጆቹ ለማቆየት የሚታገል ሲሆን፣ አንድ ከአገር ቤት የመጣ ወጣት ድምፃዊ ባቀረበው ሥራ ልቡ ተነክቷል፤ አልበሙም በአማዞን የሙዚቃ ገበያ ከፍተኛ ሽያጭ ካገኙ የአፍሪካ አልበሞች ጋር ተጠቅሷል። እዚህ ላይ የሃጫሉ አንድ ውሳኔ ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ በስደት በኖሩበት ዘመን፣ ለመቅረት ዕድሉም ምክንያቱም እያለው፣ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከውጭ ሆኖ ስለ አገር ቤት የሚዘፍን ሰው የሚናገረው በትዝታ ነው፤ በአምቦና በአዲስ አበባ መካከል የሚመላለስ ሰው ግን ትናንት የተወሰደውን መሬት፣ ዛሬ የታሠረውን ጎረቤት ያያል፤ ቀጥሎ የመጡት ዘፈኖቹ ክብደት ያገኙት ከዚህ ቅርበት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ የሚገኙ የኦሮሚያ ከተሞችን ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ሲገለጽ፣ ገበሬውን ከመሬቱ ያፈናቅላል በሚል ስጋት የተነሣው የተማሪዎች ተቃውሞ በአምቦ ሰዎች እስከ መገደል ደረሰ። ሃጫሉ «ማላን ጂራ» የተሰኘውን ነጠላ ዜማ ያወጣው ከዚህ አንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ነበር፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በምዕራብ ሸዋ፣ በጊንጪ ከተማ፣ የተማሪዎች ሜዳና የአካባቢው ደን ለሌላ ጥቅም ሊሰጡ ነው በሚል የተቀሰቀሰው ተቃውሞ በመላ ኦሮሚያ ተዛመተ። መንግሥት ማስተር ፕላኑን በጥር 2008 ዓ.ም. ቢተወውም ተቃውሞው አልቆመም። ዘፈኑ ከተቃውሞው ቀድሞ የወጣ መሆኑ ሊጤን ይገባል፤ በሕዝብ ውስጥ ስም ሳያገኝ ይብላላ የነበረውን ስሜት አስቀድሞ የያዘ ሥራ ነበርና፣ ወጣቱ ወደ አደባባይ ሲወጣ ዘፈኑ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

«ማላን ጂራ» በቅርጹ የመለያየት ዘፈን ነው፤ ርእሱ «እንዴት እየኖርኩ ነው፣ ይህስ መኖር ነው ወይ» የሚል ስሜት ያለው ጥያቄ ሲሆን፣ አንድ ሰው ከሚወደው ሰው መለየቱን እየተናገረ ቀስ በቀስ አገሩን ወደ መነጠቅ ይሸጋገራል። የሚጠቅሳቸው ስሞች ጉለሌ፣ ገላን፣ አቢቹ የመሳሰሉ፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ይኖሩ የነበሩ የኦሮሞ ጎሣዎችና የመሬታቸው መጠሪያዎች ናቸው። ዛሬ ጉለሌ ለከተማው ነዋሪ የክፍለ ከተማ ስም ነው፤ በዘፈኑ ውስጥ ግን ባለቤት ያለው ቀዬ ሆኖ ይመለሳል። አንድም መፈክር ሳይነገር፣ ማንም ሳይሰደብ፣ ስሞቹ በመጠራታቸው ብቻ ጥያቄው ሙሉ ይሆናል፤ የጌረርሳው ሕግ በስቱዲዮ ሙዚቃ ውስጥ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። የዜማው አካሄድም ይህን ይደግፋል፦ ፍጥነቱ መካከለኛ፣ ድምፁ በመጀመሪያ ዝቅ ያለ ሆኖ ቁጣውን አፍኖ ይይዛል፣ አድማጩም በሐዘንና በቁጣ መካከል ተወጥሮ ይቆያል። የተቃውሞ ዘፈን ነው ተብሎ የሚቀርበው ይህ ሥራ ከምንም በላይ የተዋጣለት የፍቅርና የናፍቆት ዘፈን መሆኑ የኃይሉ ምሥጢር ነው፤ ፖለቲካውን ያልተከታተለ፣ ቋንቋውንም በቅጡ የማያውቅ ሰው እንኳ የጠፋ ነገር እንዳለ ከድምፁ ይሰማል።

ዘፈኑ የተሰራጨበት መንገድም ከቀደመው ዘመን የተለየ ነበር። ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአብዛኛው በመንግሥት እጅ በነበሩበት ጊዜ፣ ክሊፑ በዩቲዩብ ወጥቶ ኢንተርኔት ያለው ያየዋል፤ ኢንተርኔት የሌለው ደግሞ በየከተማው በሚገኙ ትንንሽ ሱቆች በሚሞሪ ካርድ አስጭኖ ወደ ገጠር ይዞት ይሄዳል፤ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይተላለፋል፤ በጊንጪና በጉደር መንገድ የሚመላለሱ ሚኒባሶችም ቀኑን ሙሉ ያጫውቱታል። በዚህ አሠራር ድምፃዊው የሚያገኘው ገንዘብ እጅግ ትንሽ ነው፤ የሚያገኘው ተደማጭነት ግን ማንም አከፋፋይ ሊሰጠው የማይችለው ነው። አልበም ሳያወጡ በነጠላ ዜማ መናገርም በዚህ ዘመን ተለመደ። ለአንድ አልበም ዓመታት ከመጠበቅ ይልቅ ጊዜው ለጠየቀው ነገር በአንድ ዘፈን መልስ መስጠት ተቻለ።

በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው «ጂራ» የዚህ ዓይነቱ መልስ ነው። የቀደመው ዘፈን አንድ ሰው ስለ መኖሩ የሚጠይቅበት ከሆነ፣ ይህኛው «አለን» የሚል የብዙዎች ቃል ነው፤ ምቱ የፈጠነ፣ ድምፁ የተከፈተ፣ ለጭፈራ የሚጋብዝ። ሁለቱን ተከታትሎ የሚሰማ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በዘለቀው የተቃውሞ ጊዜ በሕዝቡ መንፈስ ውስጥ የተከሠተውን ለውጥ ከየትኛውም የዜና ዘገባ በተሻለ ይረዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሶማሌ ክልልና ከአዋሳኝ አካባቢዎች ለተፈናቀሉ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ኦሮሞዎች ርዳታ ለማሰባሰብ በአዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ በተዘጋጀ መድረክ ላይ፣ የኦሮሚያ ክልል ባለሥልጣናት በተቀመጡበት፣ ፊት ለፊት የተናገረበትን ዝግጅት የኦሮሚያ ክልል ቴሌቪዥን በቀጥታ አስተላለፈው። አንድ ድምፃዊ በመንግሥት ቴሌቪዥን ባለሥልጣናቱን በግልጽ ሲወቅስ መታየቱ ለዚያ ጊዜ ያልተለመደ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ የጠየቁት ከዚህ ሁለት ወር ያህል በኋላ ነው፤ ዘፈን መንግሥት ለወጠ ማለት ግን ለዘፈንም ለፖለቲካም የማይመጥን አባባል ነው። የሞቱት፣ የታሠሩትና መንገድ የዘጉት ሰዎች እልፍ ናቸው፤ ዘፈኑ ያደረገው እነዚያ ሰዎች አንድ ነገር እንደሚሰማቸው እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ማድረግ ነው።

በዚያው አሥርት ዓመት በአዲስ አበባ የሌሎች ነጻ ሙዚቀኞች ሙከራም እየተካሄደ ነበር። ጃኖ ባንድ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት «ኤርታሌ» የተሰኘ አልበም አውጥቶ የሮክ ጊታርን ከአገርኛ ቅኝት ጋር አዛመደ። የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው አቀናባሪ ኤልያስ መልካ፣ የብዙ ድምፃውያንን አልበም ከሠራ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት ከባልደረቦቹ ጋር «አውታር» የተባለ የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ለሕዝብ አቀረበ፤ ዓላማውም ሙዚቀኛው ከሥራው በቀጥታ ገቢ እንዲያገኝ ነበር። እነዚህ ሰዎች ነጻነትን በድምፅ አሠራርና በገበያ በኩል ፈለጉት፤ ሃጫሉ ደግሞ በቃል በኩል። ሁለቱ መንገዶች አለመገናኘታቸው ያስቆጫል፤ የሃጫሉ ዘፈኖች ቅንብር ብዙ ጊዜ በዘመኑ የኪቦርድ ድምፅ የተወሰነ ነበርና፣ የቀጥታ ባንድ ቢያገኙ ኖሮ ግጥሞቹ የሚመጥናቸውን አጃቢ ባገኙ ነበር።

ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ ባለትዳርና የልጆች አባትም ነበር። በማግሥቱ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች በተነሣው ሁከት ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ መካከል በማንነታቸው ተለይተው የተጠቁ ንጹሐን ይገኙበታል፤ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ፤ ታዋቂ ፖለቲከኞችም ታሠሩ። የአስከሬኑ ማረፊያ የት ይሁን የሚለው እንኳ ውዝግብ አስነሥቶ፣ በመጨረሻ ሰኔ 25 ቀን በትውልድ ከተማው በአምቦ ተቀበረ። በግድያው የተከሰሰ ሰው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ቢፈረድበትም፣ ግድያውን ማን አቀደው በሚለው ጥያቄ ላይ የሕዝቡ ክርክር ቀጥሏል። ስለ አንድ ዘፈን ደራሲ በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ እነዚህ ነገሮች ይህን ያህል ቦታ መያዛቸው በራሱ የሚያሳዝን ነው፤ ማንኛውም ሙዚቀኛ በሠላሳ አራት ዓመቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነውና።

በሞቱ አንደኛ ዓመት፣ ሰኔ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በሕይወት ሳለ የቀረጻቸው ሥራዎች «ማል መሊሳ» በሚል ርእስ ሦስተኛ አልበም ሆነው ወጡ። አልበሙ የተሰማው በሐዘን ጆሮ ስለነበር እንደ ሙዚቃ ለመመዘን ጊዜ አላገኘም፤ ተረጋግቶ የሚሰማው ሰው ግን ደራሲው ከአደባባይ ጥያቄ ወደ ጓዳ ጥያቄ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ ወደ መጠየቅ እየሰፋ እንደነበረ ያስተውላል። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ አባቱ በሠሩበት ተቋም፣ የቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጥበት አንዱ ግቢ ዛሬ በሃጫሉ ሁንዴሳ ስም ይጠራል፤ በስሙ የተቋቋመ ፋውንዴሽንም አለ።

ስም ማቆም ተገቢ ነው፤ የሚበልጠው ሥራ ግን ገና ይቀራል። የሦስቱ አልበሞችና የነጠላ ዜማዎቹ ግጥሞች በቁቤና በአማርኛ ትርጉም፣ ዜማቸውም በኖታ ተጽፎ፣ የተጠቀሱት ቦታዎችና ጎሣዎች ማብራሪያ ታክሎባቸው በአንድ መጽሐፍ መታተም አለባቸው፤ በየትኛው ስቱዲዮ፣ በየትኛው አቀናባሪ እንደ ተሠሩ የሚያውቁት ሰዎች ቃልም በሕይወት ሳሉ መመዝገብ አለበት። አፋን ኦሮሞንና ሥነ ጽሑፉን በሚያስተምረው በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጌረርሳን የሚያጠና ተማሪ የሽማግሌዎችን ግጥም ከሃጫሉ ዘፈን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ሊያነብ ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መቅረጫ መሣሪያና ወደ ጉደርና ወደ ጌዶ ገጠሮች የሚወስድ የጥናት ጊዜ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም። የጌረርሳ አዋቂ ሽማግሌዎች በየዓመቱ ቁጥራቸው እየቀነሰ ነውና ሥራው በቶሎ ቢጀመር ይሻላል።